ሕመምተኛ የሚጭን መኪና የመረጥን ቀን

በደርግ ጊዜ ጂንካ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢና መርፌ ወጊ ነበርኩ። አውራጃው አምቡላንስ ስላልነበረው፣ ከየቀበሌው ድንገተኛ ሕመምተኛ የሚያመጣልን ባለመኪና በኮንትራት እንድንመርጥ አምስት ሰዎች ተሰየምን። የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንዱ አዲስ ቶዮታ ያለው ነጋዴ ነው። ሌላው ጋሽ ታደሰ ነው፤ ላንድሮቨሩ ከማርጀቱ የተነሳ በሩ በገመድ ይታሰራል። ሁለቱም እዚያው እየሰሙን ነው። ለቶዮታው እጃችንን ልናወጣ ስንል የሴቶች ማኅበር ተወካይዋ በቀለች ተነሳች። የአሪ ገበሬ ናት፤ ስብሰባ ላይ ብዙም አትናገርም።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ መኪና አላውቅም" አለች ቀስ ብላ። "ምጥ ሲጠናብኝ ግን ጋሽ ታደሰ ነው ያመጣኝ። ጉድጓድ በደረሰ ቁጥር ያቆምና ወደ ኋላ ዞሮ፣ 'እኅቴ፣ ልለፍ ወይስ ትንሽ ልቁምልሽ?' ይለኛል። እሺ ሳልለው አንድም ጊዜ አልነዳም።"

ስንቱን ሕመምተኛ ከመኪና ሳወርድ፣ መንገዱ እንዴት ነበር ብዬ ጠይቄ እንደማላውቅ ትዝ አለኝና አፈርኩ። ጋሽ ታደሰ ግን ምስጋናውን የሰማው አይመስልም። ትኩር ብሎ አያት።

"አንቺ ነሽ እንዴ? እኔ እኮ አድርሼሽ በዚያው ወደ ኦሞራቴ ወረድኩ። ልጅሽስ?" አላት።

"ሴት ናት" አለች በቀለች። "ዘንድሮ ትምህርት ቤት ገባች።"

ጋሽ ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሊቀመንበሩ ድምፅ ስጡ ከማለቱ በፊት ለጋሽ ታደሰ የሁላችንም እጅ ወጥቶ ነበር።