ስለ እርቁ ወረቀትና ከሰዓት በኋላ ስለሚጠፋው ራውተር

የምስክር ቃል

የምስክሩ ሙሉ ስም፦ ጥዑመ ልሳን ክንዱ
ዕድሜ፦ 68
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ የሒሳብ መምህር የነበሩ
አድራሻ፦ ባሕር ዳር ከተማ፣ ቀበሌ 14
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ረቡዕ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20 ሰዓት
የግል ተበዳይ፦ አስናቀ ፈንቴ
ተጠርጣሪ፦ ሔራን ግሩም፣ ዕድሜ 27
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ዋና ሳጅን አብዱልበሲጥ ሰይድ

ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ይህ ነው። በመዝገቡ ውስጥ የተያያዘውና የሔራን ግሩም ፊርማ ያረፈበት ወረቀት የስርቆት እምነት ቃል አይደለም። የእርቅ ወረቀት ነው። ቃላቱን መርጬ በእጄ የጻፍሁት እኔ ነኝ። እንድትፈርም ያግባባኋትም እኔ ነኝ።

ሔራን በግቢዬ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ከጥቅምት 25 ቀን ጀምሮ ተከራይታ የምትኖር የአዲስ አበባ ልጅ ናት። ውጭ አገር ላለ ድርጅት የደንበኞችን አቤቱታ በኮምፒውተር እየተቀበለች መልስ ትሰጣለች። ቢሮ የላትም። ሦስት ወር ሐዋሳ፣ ሁለት ወር ድሬዳዋ ተቀምጣ ሠርታለች። መብራትና ኢንተርኔት ካለ አሠሪዎቿ የትም ብትሆን ግድ የላቸውም። ከሌለ ግን ሥራ የለም።

እንደ መጣች ተቀምጣ የምትሠራበት ቦታ መፈለግ ጀመረች። ዩኒቨርሲቲው ባለበት በፔዳ አካባቢ ሁለት ካፌዎች ሞክራ፣ ሙዚቃው ስለሚጮህና ተማሪው በሶኬት ስለሚሻማ ተወቻቸው። አንድ ሆቴል ውስጥ ደግሞ ስብሰባ ላይ ሆና አስተናጋጁ በየሃያ ደቂቃው “ምን ልታዘዝ?” እያለ አስቸገራት። ደክሟት በመጣች ቁጥር ባለቤቴ ታዝንላት ነበር። እኔ ግን ይህ በመለካት የሚፈታ ነገር ነው ብዬ ደብተር አወጣሁ። ሰባት ቦታዎችን መዝግቤ በየተራ ሄድሁ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ በስንት ደቂቃ እንደሚነሣ፣ ወንበሩ ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጥ መሆኑን፣ የኢንተርኔት መስመሩም አንድ ሰዓት ሙሉ ሳይቋረጥ መቆየቱን አየሁ። አንደኛ የወጣው በሐይቁ ዳር ያለው ደንገል የተባለው፣ ሰው ወንበር ተከራይቶ በኮምፒውተሩ የሚሠራበት የጋራ የሥራ ቦታ ነው። በሩ ላይ “ቀኑን ሙሉ የማይቋረጥ የራሱ መስመር” የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል። ባለቤቱ አስናቀ ፈንቴ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርሁት ልጅ ነው። “እዚህ ግቢ፣ ሌላ አትፈልጊ” አልኋት።

በዚህ ነገር ያለብኝ ጥፋት እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ሰባቱንም ቦታ የለካሁት ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። አንድ ተማሪ እንዲህ ለክቶ ቢያመጣልኝ ደብተሩን እመልስለት ነበር።

ሔራን ደንገል በገባች በሁለተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ መስመሩ እንደሚጠፋ ነገረችኝ። ለአስናቀ ስትነግረው “ከዋናው መስመር ነው፣ ታገሺ” ይላታል። እኔም ሠንጠረዤን አምኜ “ኮምፒውተርሽን ለባለሙያ አሳዪ” አልኋት። ይህን ሳስታውስ አፍራለሁ። በመጨረሻ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን ራሴ ሄጄ ከማዕዘኑ ወንበር ተቀመጥሁና ሰዓት እያየሁ መጻፍ ጀመርሁ። ከቀኑ 8፡05 ላይ መስመሩ ጠፋ። በ8፡08 የቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ወይዘሮ የሺአረግ ከኋላ ካለችው ትንሽ ክፍል ወጥታ፣ ጥቁር ፌስታል ይዛ ባጃጅ ተሳፈረች። ፌስታሉ ውስጥ ምን እንዳለ አላወቅሁም። እንዳየሁት ግን ጻፍሁ። ዓርብ ኅዳር 19 ቀንም ጠፋ፤ ሰዓቱ 8፡04 ነበር። ወይዘሮ የሺአረግ በ8፡07 ፌስታሏን ይዛ ወጣች። የሁለቱም ቀን ጽሑፍ ያለበትን ደብተር ለመርማሪው አስረክቤአለሁ።

ዓርብ ዕለት ሔራን ከአለቃዋ ጋር በቪዲዮ እየተነጋገረች ነበር። በዚያ ሳምንት ንግግራቸው ሲቋረጥ ሦስተኛው ነው። በ8፡15 ተነሥታ ወደ ትንሿ ክፍል ገባች። ግማሽ ደቂቃ እንኳ ሳትቆይ ባዶ እጇን ወጥታ፣ በአዳራሹ ለነበሩት ስድስት ሰዎች፣ “ኑ እዩ! መሣሪያ የሚባል የለም! ገመድ ብቻ ነው የተንጠለጠለው!” ብላ ጮኸች። ገብቼ አየሁ። ኢንተርኔቱን የሚያሰራጨው ራውተር ከመደርደሪያው ላይ አልነበረም። አስናቀ ከውጭ መጥቶ ይህን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ። መሣሪያው የት እንደ ሄደ አልጠየቀም። “ክፍሉ የገባሽው አንቺ ነሽ። የት አደረግሽው?” አላት። እሷም “ጋሼ አስናቀ፣ በቀሚሴ ኪስ ይሆናላ!” ብላ ባዶ ኪሷን ገልብጣ አሳየችው። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ ለአስናቀ ከባድ እንደ ሆነበት አይቻለሁ። በዚያው ምሽት ሔራን እንደ እሷ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ የሚሠሩ ሰዎች ስለ ሥራ ቦታዎች በሚጻጻፉበት የኢንተርኔት ገጽ ላይ፣ “ደንገል ከ8 ሰዓት በኋላ ኢንተርኔት የለውም፣ እንዳትሸወዱ” ብላ ጻፈች።

ሰኞ ኅዳር 22 ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት አስናቀ አቶ ኃይለ ገብርኤል የተባሉትን የሰፈራችንን ሽማግሌ ይዞ ቤቴ መጣ። ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። “መምህር፣ ነገሩ በሽምግልና ይለቅ። እሷ ታናሽ ናት፣ ይቅርታ ትበለኝ፤ እኔም እተወዋለሁ” አለ። ሔራን “ያልሰረቅኩትን?” አለች። በዚህ አገር በእርቅ ቀን ማን በደለ ተብሎ እንደማይመረመር፣ ታናሽ ቀድሞ ይቅርታ እንደሚልና ታላቅም ተነሥቶ እንደሚስም ነገርኋት። እንዲህ ያለ ወረቀት ለጎረቤት፣ ለባልና ሚስት፣ ለወንድማማች ከሃያ ጊዜ በላይ ጽፌአለሁ። አንዱም ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም። “ስለ ተፈጠረው ሁሉ ጥፋቴን አምኜ ወንድሜን አቶ አስናቀን ይቅርታ ጠይቄአለሁ” ብዬ ጻፍሁ። “ጥፋቴን አምኜ” የሚለው ሁልጊዜ የምንጽፈው ነው፤ ምን ጥፋት እንደ ሆነ አይጠቀስም፣ በዚህም ወረቀት አልተጠቀሰም። ሔራን አነበበችው። “ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ እፈርማለሁ። እንደኔ ቢሆን ግን አልፈርምም ነበር” አለችኝ። ፈረመች። እኔና አቶ ኃይለ ገብርኤል በምስክርነት ፈረምን። አስናቀ አቀፋትና ወረቀቱን አጥፎ በኪሱ ከተተ።

ማክሰኞ ኅዳር 23 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 አስናቀ ለሔራን ደወለላት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ስለነበር አጠገቧ ሆኜ ሰማሁ። “ያን ጽሑፍ አሁኑኑ አጥፊው፣ ደንበኛ እየሸሸኝ ነው” አለ። “ይቅርታ ብያለሁ፣ አላፈርስም። ጽሑፉ ግን እውነት ነው፣ አላጠፋም” አለችው። “እንግዲያው ጥፋቴን አምኜ ያልሽበት ወረቀት እጄ ላይ ነው፤ ፖሊስ ያንብበው” ብሎ ዘጋው። 4 ሰዓት ላይ ሔራን ፖሊስ ጣቢያ ተጠርታ ሄደች። እሷ በዋስ ስትለቀቅ ኮምፒውተሯና ስልኳ በኤግዚቢትነት ተያዙ።

በዚሁ ቀን 9 ሰዓት ላይ፣ ያ ጥቁር ፌስታል ከአእምሮዬ ስላልወጣ፣ አስናቀ ከደንገል ሌላ ፔዳ ላይ ወዳለው ሁለተኛ ቤቱ፣ ወደ እንግዳ ማረፊያው ሄድሁ። ራውተሩ በእንግዳ መቀበያው ጠረጴዛ ላይ መብራቱ እየበራ ተቀምጧል። ሲም ካርድ የሚገባበት፣ በእጅ የሚያዝ ዓይነት ነው። በጎኑ “ደንገል” የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። አልነካሁትም። ወይዘሮ የሺአረግ እዚያው ወለል እየጠረገች ነበር። ስታየኝ መጥረጊያዋን አቆመች። “ጋሼ፣ በሞቴ እኔን እንዳይቆጡኝ። ጠዋት እዚያ፣ ከሰዓት እዚህ አድርሺ ተብዬ ነው። ስመላለስ ሁለት ወር ሆነኝ” አለችኝ። ሔራን የተጠረጠረችበትን ነገር ስነግራት አለቀሰች። ቃሏን ለመስጠት ፈቃደኛ መሆኗን ነግራኛለች።

አስናቀ አንዱን ራውተር በሁለት ቤት እያዞረ ሁለቱንም ቤት የራሱ መስመር አለው ይላል። ዓርብ ዕለት መሣሪያው የት እንዳለ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እያወቀ ሰው ፊት ሌባ አላት። እያወቀ ሽማግሌ ይዞ ቤቴ ገባ። እያወቀ በእኔ እጅ ጽፎ በእሷ እጅ አስፈረመ። መርማሪው ረጋ ብዬ እንድናገር ሁለት ጊዜ ነግሮኛል፤ ረጋ ብዬ ነው የተናገርሁት። መቆጣቴ ግን በመዝገቡ እንዲሰፍር ጠይቄአለሁ። ከእንግዲህ በዚህ ከተማ ታናሽን ይቅርታ በዪ ብዬ በምን አፌ እለምናለሁ?

የሔራን አሠሪዎች ዓርብ ኅዳር 26 ቀን ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ በራሷ ኮምፒውተር በስብሰባ እንድትቀርብ በደብዳቤ አዝዘዋል። የሥራ ፋይሎቿና መግቢያዎቿ በተያዘው ኮምፒውተር ውስጥ ስለሆኑ በሌላ መግባት አትችልም። ካልቀረበች ውሏ ይቋረጣል። ይህን ደብዳቤ ራሴ አንብቤአለሁ።

ከላይ የሰፈረው በዓይኔ ያየሁት፣ በጆሮዬ የሰማሁትና በሰዓት የመዘገብሁት ነው። የሰማሁትን ከማን እንደሰማሁ ተናግሬአለሁ። ተነብቦልኝ፣ አንድ ቀን ላይ የነበረ ስሕተት በፊቴ ታርሞልኝ ፈርሜአለሁ። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እጠየቅበታለሁ።

የምጠይቀው እንዲህ ነው። ወይዘሮ የሺአረግ ዛሬውኑ ተጠርታ ቃሏን ትስጥ፤ ራውተሩ ዛሬ ከ8 ሰዓት በኋላ ፔዳ ላይ ይታይ፤ ኮምፒውተሩም እስከ ነገ ሐሙስ 6 ሰዓት ድረስ ይለቀቅ ወይም አይለቀቅም ተብሎ በጽሑፍ ይመለስልኝ። መልሱ እምቢታ ቢሆን እንኳ አታዘግዩብኝ፤ ዓርብ ካለፈ በኋላ የሚመጣ መልስ ለልጅቷ አይጠቅማትም።

የምስክሩ ፊርማ፦ ጥዑመ ልሳን ክንዱ
የመርማሪው ፊርማ፦ ዋና ሳጅን አብዱልበሲጥ ሰይድ