የጓሮው በር ያለ ቁልፍ ስለተከፈተበት ሁኔታ

የምስክሩ መጠሪያ፡ «ማጠፊያው» (ሰፈሩም ደንበኛውም በዚሁ ነው የሚጠራው)
ዕድሜ፡ 48
ሥራ፡ የበርና የመስኮት ቁልፍ፣ እጀታና ማጠፊያ ጥገና
አድራሻ፡ ከገበያው ጀርባ፣ ከጫማ ሰሪው ቀጥሎ ያለው ሱቅ፤ መኖሪያው ከሱቁ በላይ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፡ ረቡዕ፣ ከቀኑ 11፡10 ጀምሮ
ቃሉን የተቀበለው፡ የዕለቱ ተረኛ መርማሪ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ማንም ሳይጠራኝ በራሴ እግር ወደ ጣቢያው መጥቼ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ። ከአዛውንቱም፣ ከልጃቸውም፣ ከአስታማሚዋም ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ሦስቱንም ያወቅኳቸው ከትናንት ወዲህ ነው።

የምተዳደረው ድርብ መስታወት ያላቸውን በሮችና መስኮቶች በመጠገን ነው። መስታወቱን አልነካም። የእኔ ሥራ አልዘጋ ያለውን ማስዘጋት፣ አልከፈት ያለውን ማስከፈት ነው። በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆይቻለሁ።

ትናንት ማክሰኞ ከቀኑ 7፡30 ገደማ አንድ ሰው ደውሎ የጓሮ በሩ አልቆለፍ እንዳለው፣ እሱ ሥራ ላይ ስለሆነ አስታማሚዋ እንደምትከፍትልኝ ነገረኝ። ይህ ሰው የአዛውንቱ ልጅ ነው። 8፡15 ላይ ደረስኩ። ቤቱ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር፣ ከመሬት እኩል ያለው ነው። የከፈተችልኝ ሠላሳ ዓመት የማይሞላት ሴት ስትሆን እጇ በሳሙና አረፋ እንደተሞላ ወደ ሳሎን አስገባችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አስታማሚ አለች ስለተባልኩ የታመመው ማን ነው ብዬ ዓይኔን ወዲያ ወዲህ ጣል አድርጌአለሁ። የተኛ ሰው አላየሁም። ያየሁት ፀጉራቸውን ያበጠሩ፣ የጫማቸውን ክር አጥብቀው ያሰሩ አንድ አዛውንት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። በሽተኛው ሌላ ክፍል ይሆናል ብዬ አለፍኩት። መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልጠየቅኩም።

በሩ ነጭ የፕላስቲክ ፍሬም ያለው፣ ወደ ሳሎኑ የሚከፈት ነው። ሁለት ጉዳት ነበረው። የላይኛው ማጠፊያ ላልቶ በሩ ወደ ታች ስለወረደ ሲዘጋ ወለሉን ይልሳል። እንዲሁም በበሩ ጠርዝ ውስጥ ከላይ እስከ ታች የሚሄደው የቁልፍ ብረት ተሰብሯል። ይህ ብረት ሦስት መንጠቆዎች አሉት። ቁልፉ ሲዞር ሦስቱም ወጥተው ፍሬሙን መያዝ ሲገባቸው የላይኛውና የታችኛው ጨርሶ አይወጡም። የመሐለኛው ብቻ ይወጣል፤ እሱም የሚይዘው በጥፍር ውፍረት ነው።

ተንበርክኬ ማጠፊያውን ስፈታ አዛውንቱ አጠገቤ መጥተው ቆሙ። ደንበኛ ራሴ ላይ ሲቆም ደስ አይለኝም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀኝ መቼ እንደምጨርስ ነው። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው «መንጠቆው ነው ወይስ ማጠፊያው?» አሉኝ። ሁለቱም መሆኑን ነገርኳቸው። «እንግዲያው ማጠፊያውን ሳታስተካክል መንጠቆውን እንዳትነካ፤ ኋላ ድካምህ ሁሉ ገደል ነው የሚገባው» አሉኝ። ትክክል ነበሩ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ አላስታውስም። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ሠላሳ ዓመት እንደሠሩ ነገሩኝ። ካቻቪቴ ስፈልግ ሳልናገር ያቀብሉኝ ነበር፤ የሚያቀብሉኝም ልኩን ነበር።

ማጠፊያውን አስተካክዬ በሩን ከወለሉ አነሳሁት። የተሰበረውን ብረት ግን በእጄ ስላልነበረኝ አስመጪው ለዓርብ እንደሚያደርስልኝ በስልክ አረጋገጥኩ። ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነገር ነው ወደዚህ ያመጣኝ።

በሩ ሲቆለፍ የተቆለፈ ይመስላል። ቢገፉትም ቢስቡትም አይነቃነቅም። ነገር ግን በእጀታው በኩል ወደ ላይ አንስቶ ወደ ራስ ለሳበው ሰው የመሐለኛው መንጠቆ ይለቅና ያለ ቁልፍ ይከፈታል። ይህን አውቅ ነበር። ለአስታማሚዋ የነገርኳት ዓርብ እንደምመለስና እስከዚያ በቁልፉ መጠቀም እንደምትችል ብቻ ነው። ሲነሳ እንደሚከፈት አልነገርኳትም። ምክንያቱን ስጠየቅ፣ «ጠግኜዋለሁ ግን ይከፈታል» ብሎ መሄድ ለባለሙያ ስለሚያሳፍር ነው። ለልጃቸውም በስልክ «ለጊዜው ደህና ነው» ነው ያልኩት። ለአዛውንቱ ግን በሩን አንስቼ ከፍቼ አሳየኋቸው። የሙያ ወሬ ነበር፤ እሳቸውን እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር ያየኋቸው። «እስቲ ድገመው» ሲሉኝ ደገምኩት።

ዕቃዬን ስሰበስብ ሱቄ የት እንደሆነ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ይምጡ አባባ፣ አብረን እንሠራለን» አልኳቸው። ለወግ ያህል ነበር ያልኩት።

ዛሬ ረቡዕ ጠዋት 1፡40 ላይ ሱቄን ልከፍት ስወርድ አዛውንቱ በሩ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ከቤታቸው እስከ ሱቄ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ያስኬዳል። «አረፈድክ» አሉኝ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ከኮቱ በታች የቢጃማ ሱሪ ነበር። አላየሁም ብል ውሸት ነው። ቤት ያሉት ወደዚህ መምጣታቸውን ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እንዴት አያውቁ» አሉኝ። እኔም ተቀበልኩ፤ ደስ ስላለኝ መቀበል ፈልጌአለሁ።

ሱቄ ውስጥ አልሠራ ያሉኝን ቁልፎችና እጀታዎች የምጥልበት ካርቶን አለ። አዛውንቱ ካርቶኑን ዕቃ ጨምቆ የሚይዘው ሞርሳ አጠገብ ስበው አንድ በአንድ ያወጡ ጀመር። የመጀመሪያው ሞላው የተሰበረ እጀታ ነበር። ከሌላ እጀታ ሞላ አውጥተው፣ በሞረድ ጫፉን ልከው ገጠሙት፤ ሠራ። ሁለተኛው ጥርሱ የተበላ የመስኮት ቁልፍ ነበር፤ እሱንም አስነሱት። ጫማ ሰሪው ጎረቤቴ ሻይ ይዞ ገብቶ ጥቂት አያቸውና «ዛሬ ገና ባለሙያ ቀጠርክ» አለኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

ግራ ያጋባኝ ነገር አልነበረም አልልም። ስሜን አራት ጊዜ ጠይቀውኛል። አንዳንዴ በሌላ ሰው ስም ይጠሩኝ ነበር፤ አቤት እል ነበር። ቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ግን መፍቻውን አስቀምጠው ወደ መንገዱ ጆሮአቸውን ሰጡና «ሲረኑ ነፍቷል እንዴ?» አሉኝ። የምን ሲረን ስላቸው «የምሳ ነዋ፤ ልጆቹ ማሽኑን አጥፍተው ይውጡ» አሉ። ያን ጊዜ አስታማሚዋ የማን አስታማሚ እንደሆነች ገባኝ።

ወዲያው መደወል ነበረብኝ። ሦስተኛው ቁልፍ ሞርሳው ላይ ተፈቶ ነበር። ለእሳቸው «ነፍቷል አባባ፣ ግን ይጨርሱት» አልኳቸውና እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ፈጀ። በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ሌላ ሰው በእኔ ጥፋት እዚህ ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እንደነበር አላውቅም ነበር። ባውቅ አልጠብቅም ነበር። ሆኖም መጠበቄ እንዲጻፍልኝ እጠይቃለሁ።

6፡50 ላይ ለልጃቸው ደወልኩ፤ አራት ጊዜ ስልኩ ተይዟል አለኝ። አዛውንቱን በታክሲ ይዤ 7፡30 ላይ ቤታቸው ደረስን። ቤቱ ተዘግቷል። የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ሴትዮ በደረጃው ሮጣ ወርዳ የአዛውንቱን ሁለት እጆች ያዘች። ከጠዋቱ ጀምሮ እንደሚፈለጉ፣ ልጃቸው ሆስፒታል ለሆስፒታል እየዞረ እንደሆነ ነገረችኝ። «ልጅቷንማ ፖሊስ ወሰዳት፤ በሩን ከፍታ አስወጥታቸዋለች ተብሎ» አለችኝ። ያን ስሰማ አዛውንቱን ይዤ በዚያው ታክሲ ወደ ጣቢያው መጣሁ።

እዚህ ስደርስ የተነገረኝ እንዲህ ነው። አስታማሚዋ ቁርስ ለማቅረብ ወደ ሳሎን ስትመጣ የጓሮ በሩ ገርበብ ብሎ፣ አዛውንቱ የሉም። በሩን ማታ እንደቆለፈችው፣ ቁልፉም ከኪሷ እንዳልወጣ ተናግራለች። ቁልፉ በእርግጥም ኪሷ ውስጥ ተገኝቷል። ይኸው እውነቷ ነው የጎዳት፤ በሩ ያለ ቁልፍ አይከፈትም፣ ቁልፉ ያለው እሷ ዘንድ ነው፣ ስለዚህ የከፈተችው እሷ ናት ተባለ። ልጅየውም የጓሮ በሩ ትናንት እንደተጠገነ፣ ጠጋኙም ደህና ነው እንዳለው ገልጿል። ጠጋኙ እኔ ነኝ።

ልጅየው ተጠርቶ 8፡20 ላይ መጣ። አባቱን ሲያይ አጠገባቸው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ጉልበቱን መታ መታ አድርገው «ዛሬ ሦስት አስነሳሁ» አሉት። እሱ ግንባሩን በእጁ ያዘ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ነህ ቀኑን ሙሉ ያቆየኻቸው?» አለኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ሊመታኝ ያሰበ መስሎኝ ነበር፤ አልመታኝም።

በሩ ያለ ቁልፍ እንደሚከፈት ለመርማሪው ስናገር በቃል ብቻ ስለማይሆን ይታይ ተባለ። 9፡10 ላይ መርማሪው፣ ልጅየው፣ አዛውንቱ፣ አስታማሚዋና እኔ ወደ ቤቱ ሄድን። መርማሪው በሩን ቆልፎ ቁልፉን ኪሱ ከተተና «ክፈት» አለኝ። አነሳሁት፤ አልተከፈተም። ደገምኩ፤ አልተከፈተም። ትናንት ማጠፊያውን በደንብ አጥብቄው ስለነበር በሩ ከብዷል። በሦስተኛው እጀታው አዳልጦኝ ክርኔን ፍሬሙ ላይ መታሁ። ልጅየው «ይኸው» አለ። አስታማሚዋን ዞሬ አየኋት። ግድግዳውን ተደግፋ መሬት መሬት ታይ ነበር። በሥራ ዘመኔ አንድ በር እንዲከፈትልኝ የዚያን ያህል ለምኜ አላውቅም።

አዛውንቱ እስከዚያ ወንበራቸው ላይ ነበሩ። ተነሥተው መጡና በክርናቸው ገፋ አደረጉኝ። «በክንድህ አይደለም፣ በእግርህ ነው» አሉኝ። ጉልበታቸውን አጠፍ አድርገው፣ ትከሻቸውን ከእጀታው ሥር አስጠግተው ቀስ ብለው ቀና ሲሉ በሩ አንድ ጊዜ ቀጭ አለና ተከፈተ። እሳቸውም ኮታቸውን አስተካክለው ወደ ጓሮው ወጥተው ሊሄዱ ሲሉ ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘ። መርማሪው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ አየው፤ ቀጥሎ ለአስታማሚዋ ነፃ መሆኗን ነገራት።

ልጅየው ይቅርታ ጠየቃት። ከልቡ የተናገረ ይመስለኛል። እሷም «አባባ ምሳ አልበሉም፤ መድኃኒታቸውም አልፏል» ብላ መድኃኒቱን ሰጠቻቸው፣ የቢጃማቸውን ጫፍ ከጭቃ ጠረገችላቸው። ነገ ትመለስ እንደሆነ ሲጠይቃት አስባ እንደምትነግረው ገለጸች።

እኔ ደግሞ ሱቄ ደርሼ፣ ለደንበኛ ማሳያ ካቆምኩት በር ላይ ደህናውን የቁልፍ ብረት ፈትቼ አምጥቼ ገጠምኩ። ሦስቱም መንጠቆዎች ይይዛሉ። መርማሪው ራሱ በትከሻው ሞክሮታል። ስጨርስ አስታማሚዋ ልትሄድ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ጋሼ፣ ለእሳቸው የነገሩትን ለእኔ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም የጠየቀችኝ። እጇ በሳሙና የተነከረ ሴት ስለ በር አይገባትም ብዬ አስቤ እንደነበር አሁን ስናገር ነው የታወቀኝ።

አዛውንቱን ለመደበቅም ሆነ ለመጉዳት አስቤ አላውቅም። ልጅየው ክስ ላቅርብ ካለ መብቱ ነው፤ የምሸሽበት ቦታ የለኝም። እሱ በበኩሉ ክስ እንደሌለው፣ ነገር ግን አባቱ ከእንግዲህ ያለ እሱ እንዳይወጡ እንደሚፈልግ በዚሁ ጣቢያ ገልጿል። እሳቸው ከመሄዳቸው በፊት ነገ በስንት ሰዓት እንደምከፍት ጠይቀውኛል። በልጃቸው ፊት ምን እንደምል ግራ ገብቶኝ ሳለ ልጅየው ራሱ «ቅዳሜ እኔ አመጣቸዋለሁ» ብሏል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ጠይቄአለሁ። የተያዘችው በሰፈሩ ሰው ፊት ነው፤ የተለቀቀችው ግን ከእሷ ሌላ አራት ሰው ብቻ በነበረበት ሳሎን ውስጥ ነው። ነገ ሌላ ቤት ሥራ ብትጠይቅ ስለ ዛሬ የሚወራውን ማንም ሊያነሳባት ይችላል። ስለዚህ በሩን ቆልፋው እንደነበር፣ የተከፈተው እኔ በደበቅኩት ጉድለት መሆኑን የሚያሳየው የዚህ ቃል ግልባጭ እንዲሰጣት ጠይቄአለሁ።

ከላይ የሰፈረው በድምፅ ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ። የሚያሳፍረኝም ስላለበት እንዲወጣ የምፈልገው ቦታ ነበር፤ እውነት ስለሆነ ግን እንዳለ ይቆይ ብዬ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፡ ........................
የመርማሪው ፊርማ፡ ........................

የመርማሪው ማስታወሻ፡ በምስክሩ ጥያቄ መሠረት የዚህ ቃል አንድ ግልባጭ ማኅተም ተደርጎበት ከቀኑ 12፡25 ላይ ወደ ጣቢያው ለተጠራችው አስታማሚ ተሰጥቷል። ቆማ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንብባ፣ ሁለተኛ ግልባጭ ይሰጠኝ በማለቷ እሱም ተሰጥቷታል።

የተቀባይ ፊርማ፡ ........................