ባሕር የለመደ ጎረቤት

«እንዴት ዋልሽ ሐሚዳዬ? ልጆቹስ? እኔማ ይመስገነው… የዘንድሮን ሐምሌ አያያዙን አየሽልኝ? ገና ቀትር ሳይሆን ደመናው ከበደ።»

የሰማንያ ዘጠኝ ክረምት ነው። ተናኘወርቅ መካኒሳ አቦ ወንዙ ዳር ሰላጣና ቆስጣ እያለማች ልጆቿን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ሐሚዳ ደግሞ ያንኑ ተረክባ ጉልት የምትቸረችር። ዛሬ ተናኘ ድምጿን ከሐሚዳ ጆሮ አሳልፋ ለቀቀችው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ የፔንሲዮኑ ባለቤት በረንዳው ላይ ጋዜጣ ሲያገላብጥ ይሰማታላ!

«ጎረቤት እንደኛ ማን አለው? አሥር ዓመት ሙሉ በቱሪስት መርከብ ተቀጥሮ ዓለምን የዞረ! በየክፍሉ ‹ተፈጥሮን እንጠብቅ፤ ፎጣዎን ነገም ይጠቀሙበት› ብሎ ለጥፏል አሉ። ለሳሙናው ሳስቶ ነው የሚሉም አሉ… ምቀኞች!

«ካፒቴናቸው እኮ፣ ራሱ ሲያጫውተን፣ ወደብ ደርሶ ለቆሻሻ ማስወገጃ ከመክፈል መሀል ባሕር ላይ ይለቀው ነበር፤ ‹ባሕሩ ሰፊ ነው› እያለ። ጎበዝ ተማሪ ደግሞ ትምህርቱን አይረሳም… ሽንት ቤት የሚመጠው መኪና እሱ በር ላይ ቆሞ አይተሽ ታውቂያለሽ? ዝናቡ ሲጀምር ብቻ አንድ ቱቦ ወደ ወንዙ… ኧረ ተይኝ፣ እኔ ምን አውቃለሁ! ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ፤ እኛ ሰፈር ግን እያሳሳቀ ያመጣል።»

ሐሚዳ ሳቋን በሻሿ ጫፍ አፈነች። ጋዜጣውም መንኮሻኮሹን ተወ።

ተናኘን «ሰላጣሽ ይሸታል» እያሉ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሽተዋታል፤ መስከረም ሲጠባ ለልጆቿ ደብተር በምን እንደምትገዛላቸው አታውቅም። ከሁሉም ግን የአንዱ ደንበኛ ነገር ነው የከነከናት።

«ሰላጣዬን እንደ ጎረቤታችን የሚወድልኝ አልነበረም እኮ! ክረምቱ ከገባ ወዲህ ግን ከአትክልት ተራ ያስመጣል… ለእንግዶቹ ጤና ብሎ። ሌላው ሸትቶት ሸሸ፤ እሱ ግን ገና ሳይሸት አወቀ። ከየት እንዲህ ያለ አዋቂ ይገኛል?»

ያን ጊዜ የነቀለችውን አንድ እስር ሰላጣ አንስታ የፔንሲዮኑ በር እጀታ ላይ አንጠለጠለችው።

«ይቺን በነጻ ይቅመስልኝ፣ ጥሬዋን። በወንዛችን ውሃ ነው ያጠብኳት… እኔ ቂም አላውቅም። ቸሩ አምላክ ከቤቱ የወጣውን ሁሉ እጥፍ ድርብ አድርጎ ወደ ማዕዱ ይመልስለት! አሚን በይ እንጂ፣ ሐሚዳ!»