ያፌት ክኒኑን አያቆምም

በስደት የምንኖርበት ሰፈር ሬክስዴል ያለው ሕንፃችን ሊፍት ውስጥ ስገባ የጓደኛዬ የያፌት እናት፣ እትዬ ተሻለች፣ የጸበል ጀሪካን ይዘው ቆመዋል። ያፌት አምና ስኪዞፍሬንያ ይዞት ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

"ቅዱስ፣ ዛሬ ያን ክኒን እደፋዋለሁ" አሉኝ። "ነገ ጸበል ይጀምራል። ጸበልና መድኃኒት አብሮ አይሄድም። ደሞ ተሽሎታል።"

ትምህርት ላይ የለሁበትም፤ ተንኮል ላይ ግን ማን ይችለኛል? እስከ አስራ ስድስተኛ ፎቅ ያለውን ቁልፍ ሁሉ ተጫንኩት።

"ምን ሆነሃል አንተ ባለጌ!"

"ልናወራ ነዋ እትዬ። ጠዋት የግፊት ክኒንዎን ዋጡ?"

"ዋጥኩ።"

"ከጸበሉ ጋር ተጣላብዎት?"

"ግፊት ሌላ! የሱ የመንፈስ ነው። ሰው በሌለበት ድምፅ መስማት ምን በሽታ ይባላል?"

"የጭንቅላት በሽታ! ሆስፒታል የወሰድኩት እኔ አይደለሁ? ዶክተሩ ሲናገር ሰምቻለሁ። ማንም የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ቲቪው ስለኔ ያወራል ማለት፣ ሊገድሉኝ ነው ብሎ መጠርጠር፣ ወሬ መዘባረቅ፣ ከሰው መሸሽ፣ ገላ መታጠብ መተው፣ ሁሉም ምልክቱ ነው አለ። ያፌት የቱ ቀረው?"

"አሁን እኮ ደህና ነው!"

"ደህና የሆነው በክኒኑ ነዋ!"

"አወፈረው። ሲተኛ ይውላል።"

"እሱን ለዶክተሩ መንገር ነው፤ ይቀንስለታል፣ ወይ ይቀይርለታል። ጫማ ጠበበኝ ብሎ በረዶ ላይ በባዶ እግሩ የሚሄድ አለ?"

በሩ ተከፈተ፤ ማንም አልገባም፤ ተዘጋ።

"ፋሲካ ላይ ክኒኑን በራሱ ያቆመ ጊዜስ ምን አለዎት?"

ጀሪካኑን ደረታቸው ላይ አቀፉት። "'አንቺ እናቴ አይደለሽም፤ እናቴን የት አደረስሻት?' አለኝ" አሉ።

እኔም ቀልዱ ጠፋብኝ። "ታዲያ ያንን ድጋሚ ሊሰሙት ነው እትዬ?"

"የንስሐ አባቴ አባ ራጉኤልስ ምን ይሉኛል?"

"ይደውሉላቸው። ድፊው ካሉ እኔ ራሴ እደፋዋለሁ።"

ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ስልኩ እንዲሠራ በሩን በእግሬ ያዝኩት፤ እትዬ ደወሉ። ቄሱ በስፒከር ጮኹ፦ "ማነው ጣይ ያለሽ? እኔ ለስኳሬ መድኃኒት እወስድ የለም እንዴ? ጸበሉንም አጠጪው፣ ክኒኑንም ስጪው!"

እትዬ በረጅሙ ተነፈሱ። "እሺ፤ ሁለቱንም ይወስዳል። አሁን ይሄን ሊፍት አስተካክል!"

"አይሆንም፤ ገና ሰባት ፎቅ ይቀረናል።"

በጀሪካኑ ጎኔን አሉኝ።

ታዲያ ምን ተገኘ? ዶክተሩ መጠኑን ሲያስተካክልለት እንቅልፉ ቀለለ። ድምፁ አልፎ አልፎ ይመጣል፤ ግን አያዘውም። ኤርፖርት አካባቢ ዕቃ መጋዘን ውስጥ ሥራ ገባ። ከናቱ ጋር አንድ ትሪ ላይ ይበላል፣ እኔን ይሰድባል፣ ይታጠባል። እትዬ ተሻለችም ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ እናቶቹን ሁሉ ይዘው፣ "ተሻለው ብለሽ፣ ዶክተሩ ሳያውቅ መድኃኒት እንዳታስቆሚ!" እያሉ ይቆጣሉ።

በዚህ ሰመር፣ በሙቀቱ ወራት፣ የሰፈር ኳስ ውድድር ላይ በረኛችን ያፌት ነበር። መጨረሻ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት አዳነና ዋንጫው የኛ ሆነ። ሜዳው "ያፌት! ያፌት!" እያለ ተናወጠ። እሱ ኳሷን እንዳቀፈ ወደኔ ዞሮ ሳቀ።

"ቅዱስ፣ ይሄን ድምፅ አንተም ትሰማለህ?"

"እሰማለሁ ባክህ! ትልቁ የናትህ ነው!"