የሐጂ መጋዘንና የላሜራ ሣጥኔ

መርሳ ላይ እህል ለሚነግዱ አንድ ሐጂ፣ ልጃቸው በር በካርድ የሚከፍት መሣሪያ ከአዲስ አበባ ላከላቸው። ብየዳ ሠራተኛ ነኝና ጠሩኝ። «ሌባ እንዳይሰብረው ማቀፊያ ሣጥን ሥራለት፤ ጠንከር ይበል» አሉኝ። መሣሪያው መዳፍ የምታህል ፕላስቲክ ናት። እኔ ግን ጠንከር ይበል ከተባልኩ ልክ አላውቅም፤ ከወፍራም ላሜራ ቆርጬ፣ ዙሪያውን በይጄ፣ ጓጉንቸር ቁልፍ አንጠልጥዬበት መጋዘኑ ግድግዳ ላይ ቀበርኩት። ጦርነቱ ሲደርስ በር ዘግተን ወደ ደሴ ሸሸን። እዚያ ሐጂ «የእኔ በር እንኳ አያሳስብም» እያሉ ሲጽናኑ እኔ ሆዬ እሳቸው የማያውቁትን አውቃለሁ። ያ መሣሪያ መብራት ከጠፋ በሩን ይለቀዋል፤ መብራቱ ደግሞ ከጠፋ ሰንብቷል። ልንገራቸው እልና እተወዋለሁ።

ስንመለስ አብረን ሄድን። ሣጥኔ የለም! ግድግዳው በዶማ ተፈልፍሎ ከነሥሩ ተነቅሏል። ሐጂ በሩን በጣታቸው ገፋ ቢያደርጉት ወለል አለ። ማሽላው፣ ጤፉ፣ ማሾው እንደተቆለለ ነው፤ አንድ ጆንያ አልጎደለም። ሌቦቹ ሣጥኑ ካዝና መስሏቸው ከእሱ ሲታገሉ በሩን ገፍቶ ያየው የለም።

ሐጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ፣ መብራት ሲጠፋ በሩ እንደሚለቅ ታውቅ ነበር?»

«አዎ ሐጂ» አልኩ።

«አልሐምዱሊላህ! እንኳን አልነገርከኝ፤ ደሴ ላይ እንቅልፍ ባጣሁ ነበር። በል ሌላ ሥራልኝ። መሣሪያው ይቅር፣ ሣጥኑን ብቻ። ጓጉንቸሩን ግን ሁለት አድርገው!»