ናቹራል ነው የምማረው

የገበሬውን መሬት ወደ አዲስ አበባ ሊጠቀልል ነው የተባለው ማስተር ፕላን ሰበታን ባመሰበት ሰሞን አሥራ አንደኛ ክፍል ልመዘገብ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ሐሳቤ ሕክምና ስለሆነ ናቹራል ሳይንስ ልመርጥ ነበር። ያሳደጉኝ አጎቴ ኦቦ ገመቹ ግን ተከትለውኝ ገቡና መዝጋቢውን መምህር፣ «ሶሻል ብላችሁ ጻፏት» አሏቸው። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ፣ «መሬታችንን ሊወስዱት ነው። ሕግ ተምረሽ ትከራከሪልናለሽ፤ ሐኪም ሞልቷል» አሉኝ። ተራ የሚጠብቁት ወላጆች «እውነታቸውን ነው» እያሉ አገዟቸው።

እኔ ግን ለሚ ትዝ አለኝ። ለሚ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ማስተር ፕላኑን ለመቃወም ሰልፍ በተወጣበት ቀን ጭኑን በጥይት ተመቶ እኛ ግቢ ገባ። መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ቤት ሳይደርስ፣ ነጠላዬን ቁስሉ ላይ እንደያዝኩ ሕይወቱ አለፈ።

«ጋሼ፣ ለሚ ደሙ ሲፈስ አንቱም ነበሩ» አልኳቸው፣ ሁሉም እየሰማ። «ያን ሰዓት ጠበቃ ምን ያደርግለት ነበር? ናቹራል ነው የምማረው።» ዓይኔን ከሳቸው ላይ አላነሳሁም።

«እንግዲያው እኔ ብመታ አንቺ ጋ አልመጣም» አሉና ወደ በሩ ሄዱ።

«ተሸክመው ያመጡዎታል፤ አክምዎታለሁ» አልኳቸው። ከዚያ ወደ መምህሩ ዞሬ ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው።