ከድሬ ዳዋ እስከ ሸካ ደን፦ የመምህርት አለምብርሃን ፍቅረ ማርያም የሕይወት መንገድ

የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ የእድር አባላት፣ ጎረቤቶች፣ ከሩቅም ከቅርብም ለዚህ ሐዘን የደረሳችሁ ወዳጆች፤ ይህን ጽሑፍ እንዳነብ ቤተሰባቸው የጠየቀኝ እኔ ዱኒያ ሳሚር ነኝ፤ በመጀመሪያ ተማሪያቸው፣ ኋላም የሥራ ባልደረባቸው ነበርሁ።

መምህርት አለምብርሃን ከአባታቸው ከአቶ ፍቅረ ማርያም በቀለና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ደስታ በ1951 ዓ.ም. በድሬ ዳዋ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በምድር ባቡር የጥገና ሠራተኛ፣ እናታቸውም በቀፊራ ገበያ ቅመም ነጋዴ ስለነበሩ፣ እርሳቸው ኦሮምኛውንና ሶማልኛውን ከእናታቸው ደንበኞች እየለቀሙ አደጉ። የመጀመሪያና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ አጠናቀው፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የኮተቤ መምህራን ኮሌጅ በባዮሎጂ ትምህርት በ1973 ዓ.ም. በዲፕሎማ ተመረቁ።

ምደባቸው ግን ከተመኙት ሁሉ የራቀ ሆነ። በዕጣ የደረሳቸው በኢሉባቦር ክፍለ ሀገር፣ ከማሻ ከተማ ወጣ ብሎ በሸካ ደን ዳርቻ የሚገኝ ትምህርት ቤት ነበር። በሙቀትና በአሸዋ ላደገች የድሬ ልጅ፣ ፀሐይ ለወራት የማትታይበት፣ ልብስ ታጥቦ የማይደርቅበት፣ መንገዱ በጭቃ የሚዋጥ አገር እስር ቤት መስሎ ታያቸውና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ አራት ጊዜ የዝውውር ማመልከቻ ጻፉ። ለእናታቸው በላኩት ደብዳቤም «እዚህ ሰማዩም መሬቱም ውሃ ነው፤ አልቆይም» ብለው ነበር።

ሐሳባቸውን ያስለወጧቸው አቶ ወዳጆ የተባሉ የአካባቢው ንብ አናቢ ናቸው። መምህርቷ ለተማሪዎቻቸው የዛፎችን ስም ከመጽሐፍ ሲያስተምሩ አንድ ቀን በመስኮት በኩል ሰምተዋቸው ኖሮ፣ ከክፍል ሲወጡ ጠብቀው «ልጄ፣ የምታስተምሪው ዛፍ እኛ ጋ የለም፤ ነይ ያለውን ላሳይሽ» አሏቸው። በማግስቱ አብረው ወደ ደኑ ገቡ። አቶ ወዳጆ በስድሳ ዓመታቸው ከግዙፍ ዛፍ ላይ ወጥተው ቀፎ ሲሰቅሉ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ የትኛውን የደን ክፍል ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ እንደሚጠብቅ ሲነግሯቸው፣ ከአንድ ዛፍ ሥር የሚፈልቀውንም ምንጭ ሲያሳዩዋቸው ዋሉ። መምህርቷ ከዚያ ቀን በኋላ አምስተኛ ማመልከቻ አልጻፉም። ዝውውሩ በሦስተኛው ዓመት ተፈቅዶ ሲመጣላቸውም ወረቀቱን አመስግነው መለሱት።

በ1978 ዓ.ም. በማሻ በጤና ረዳትነት ያገለግሉ ከነበሩት ከአቶ ቦና ጉተማ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ልጆች አፈሩ። ትምህርታቸውንም ከክፍል አውጥተው ወደ ደኑ ወሰዱት፤ ተማሪዎቻቸው ለበርካታ ዓመታት ምንጮቹን፣ ወፎቹን፣ ቀፎ የተሰቀለባቸውንም ዛፎች ከነጠባቂዎቻቸው ስም በደብተር እየመዘገቡ ቆዩ።

ያ ደብተር በ1988 ዓ.ም. ተፈላጊ ሆነ። አንድ ባለሀብት ደኑን መንጥሮ ሻይ ለመትከል ጠይቆ፣ ሕዝቡ ለስብሰባ ሲጠራ፣ የባለሀብቱ ወኪል ቦታው ጦሙን ያደረ፣ ባለቤት የሌለው መሬት መሆኑን ለተሰብሳቢው አስረዳ። ያን ጊዜ መምህርት አለምብርሃን ከኋላ ተነሥተው «ባለቤቶቹ እዚህ ተቀምጠዋል፤ ስማቸውን ላንብብ» አሉና ማንበብ ጀመሩ። ስሙ የተጠራ ሁሉ እየተነሣ ቆመ። ሰብሳቢው ሰዓት ሄዷል ብሎ ሊያስቆማቸው ቢሞክር፣ አቶ ወዳጆ «ይቀጥሉ፣ እኔ ገና አልተጠራሁም» ብለው ከለከሉት። ንባቡ ሲያልቅ በአዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ከመድረኩ በቀር አልነበረም።

ድሉ ሙሉ አልነበረም፤ በቆላው በኩል ያለው ክፍል ተመነጠረ፣ ምንጮቹ ያሉበት ላይኛው ደን ግን ተረፈ። መምህርቷም በዚሁ ምክንያት ከማስተማር ታግደው አንድ ዓመት ሙሉ ሥራ በሌለበት ቢሮ እንዲቀመጡ ተደረገ። በዚያ ዓመት የሸካን ቋንቋ መጻፍ ተማሩ።

በ1992 ዓ.ም. እናታቸው ስለታመሙ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ድሬ ዳዋ ተመለሱና በመምህርነት ቀጠሉ። ስለ ደን ሲያስተምሩ ግን ከተማሪዎቻቸው የሚያገኙት ሳቅ ነበር፤ ዛፍና ድሬ ምን አገናኛቸው እንላቸው ነበር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ብዙ ወገኖቻችንን ሲወስድ፣ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻቸው አንዷ፣ ፊርዶስ፣ ከነወላጆቿ ሄደች። መምህርቷ ሐዘን ደርሰው እንደተመለሱ ክፍሉን በሙሉ አስከትለው የደረቀውን ወንዝ ሽቅብ እስከ ተራራው ድረስ በእግር ሄዱ፤ የተራቆተውንም ተዳፋት አሳይተው «ውሃው የሚይዘው ሥር አጥቶ ነው የመጣብን፤ ከዚህ እንጀምራለን» አሉ።

በመጀመሪያው ዓመት ከተተከሉት ስድስት መቶ ችግኞች የጸደቁት ሃምሳ ሁለት ብቻ ነበሩ። በሁለተኛው ዓመት ፍየል በላቸው። በሦስተኛው ዓመት የመልካ ጀብዱ አርሶ አደሮችን ስለ እርከን ጠይቀው፣ የቀድሞ ተማሪዎቻቸው የሆኑ የባጃጅ ሾፌሮችም ውሃ በጀሪካን እያደረሱላቸው፣ ወይራውና ጽዱ መቆም ጀመረ። ዛሬ ከዚያ ተዳፋት ሥር ያሉ መንደሮች ጥላውን ያውቁታል።

ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮም በየዓመቱ ተማሪዎችን በአውቶቡስ ወደ ባሌ፣ ወደ ሐረና ደን ይወስዱ ነበር። በመጀመሪያው ጉዞ እኔም ነበርሁ። ድሬ አንቱ ማለት አናውቅምና «ቲቸር፣ ዝናብ መጣ፣ አትሰሚም?» አልኋቸው። ቆም ብለው «ዝናብ አይደለም፤ የትናንቱን ዝናብ ቅጠሉ እያወረደልሽ ነው» አሉኝ። እጄን ዘርግቼ ጠብታውን ተቀበልሁ። የዛሬው የደን ጥበቃ ሙያዬ የተጀመረው እዚያ ነው።

ባለቤታቸው አቶ ቦና በ2009 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ሥራውን አላቋረጡም። በ2015 ዓ.ም. የካንሰር ሕመም ሲገኝባቸው፣ ከሕክምናው ጎን ለጎን የዛፎችን ስም በፊደል ተራ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛና በሸክኛ የሚያስረዳ የተማሪዎች መጽሐፍ ጀመሩ። እጃቸው ብዕር መያዝ ሲያቅተው ልጃቸው ኑሀሚን እየጻፈች እስከ «ወ» ፊደል ደረሱ። ሐኪም ዕረፍት ሲያዝዛቸው «ከ'ወ' በኋላ ያሉት ዛፎች ምን አጠፉ?» ይሉት ነበር። በሕክምናም በጸሎትም ሲረዱ ቆይተው፣ መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በስልሳ ስድስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

መምህርት አለምብርሃን ልጆቻቸውን ፍራኦል ቦናንና ኑሀሚን ቦናን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ እህታቸውን ወይዘሮ ዲና ፍቅረ ማርያምን፣ ከማሻ ስልክ ደውለው ከእኛ ጋር የሚያለቅሱትን የአቶ ወዳጆን ልጆች፣ በድሬም በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድ የሚጸልዩላቸውን ተማሪዎቻቸውን ትተው ሄደዋል።

የፈጠራቸው አምላክ ልፋታቸውን አስቦ ነፍሳቸውን በዕረፍት ውሃ ዘንድ ያኑርልን፤ ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ ለእኛም ከ«ወ» በኋላ ያለውን የምንጽፍበት ብርታት ይስጠን። አሜን።